የጭቃ ቤትን ፊት ማደስ፡ ቀለሙ ወይስ እግሩ ይቅደም?

መግቢያ

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ አብዛኛውን ዕድሜዋን የኖረችው በጭቃ ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንኳ የከተማዋ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነበር። ዛሬ ፎቁም ኮንዶሚኒየሙም በዝቷል። ይሁን እንጂ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለተመለከተ ሰው የጭቃ ቤት ገና በየደጃፉ ቆሟል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የቤት ፊት የሰፈር ወሬ ሆኗል። አጥሩን የሚያድስ፣ ግድግዳውን የሚለስን፣ ቀለም የሚቀባ በየቦታው ነው።

የዚህች አጭር ጽሁፍ ዓላማ ያረጀ የጭቃ ቤት ፊት ሲታደስ ሥራው ከየት መጀመር እንዳለበት ማሳየት ነው። ማሳያዬ የእናቴ ቤት ሲሆን፣ ቤቱን በምክሬ ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ስህተቱን መጻፍ ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን በየክረምቱ ወደየቤታችን ስንመለስ "እስቲ አንቺ ተምረሽ የለም እንዴ፣ ምን ይሻላል?" ተብለን የምንጠየቅ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ብዙ ስለሆንን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

1. ቤቱና የመጀመሪያው እድሳት

ቤታችን የሚገኘው አጠና ተራ አካባቢ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያው ከሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የአዲስ አበባ ቤት አጥንቱ እሱ ነው። የእኛም ቤት እንደዚያው ነው፤ በ1974 ዓ.ም አባቴ ያሠራው፣ 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ ቋሚው አጠና፣ በማገር የተያያዘ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር በቦካ ጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። እናቴ በየዓመቱ ከመስቀል በፊት የተሰነጠቀውን በጭቃ ትደፍንና ኖራ ትቀባው ነበር። አርባ ዓመት የቆመው በዚህ ነው።

በ2014 ዓ.ም እኔ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ዕቁብ ደረሳት። ያን ጊዜ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ በብሎኬት እየሠሩ ነበር። እኛ አፍርሰን ለመሥራት አቅም የለንም፤ ስለዚህ "ፊቱን በሲሚንቶ እናስለስነው፣ ከዚያ ኳርትዝ እንቀባዋለን፣ ከብሎኬት ቤት ማን ይለየዋል?" አልኳት።

"ጭቃውስ ይይዘዋል?" አለች።

"እማዬ፣ ሽቦ ይመታበታል እኮ።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ ይሁን" አለች።

ሥራውን የያዙት ሽማግሌ ግንበኛ ግን ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ "የኔ ልጅ፣ እግሩን ሳታደርቂ ፊቱን አታጥቢው" አሉኝ። እኔም "ጋሼ፣ እርስዎ አይጨነቁ፣ አሁን እኮ ዘመኑ የሲሚንቶ ነው" ብዬ መለስኩላቸው። ይህን መልሴን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ።

ግድግዳው በመዶሻ ተነቆረ፣ ወንፊት ሽቦ በሚስማር ተመታበት፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ተለሰነ። ሲሚንቶው አልበቃ ብሎ በስተግራ በኩል 2 ሜትር ያህል ሳይለሰን ቀረ፤ "ሌላ ጊዜ" ብለን በዚያው ተውነው። ይህ ያልተለሰነ ቁራጭ በኋላ ትልቅ ትምህርት ስለሰጠኝ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። የቀረው ፊት ክሬም ቀለም ተቀባ። ሰፈሩ ሁሉ "ቪላ አስመሰላችሁት" አለን።

2. ምን ሆነ?

በመጀመሪያው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። በቀለም ሸፈንነው። በሁለተኛው ክረምት በቤቱ ውስጥ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ የእርጥበት ምልክት ወጣ፤ ክፍሉም የሻገተ ነገር መሽተት ጀመረ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም አንድ ሌሊት የበር ሳንቃ የሚያክል ልስን ከነሽቦው ተገንጥሎ ወደ ደጅ ወደቀ። የወደቀበት ቦታ እናቴ ጠዋት ጠዋት ተቀምጣ ቡና የምታፈላበት ነው። ሌሊት መሆኑ በጀን።

ክረምቱ ሲወጣ የቀረውን ልስን አንስተን ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በሚስማር እየወጋሁ መረመርኩ። ውጤቱ እንደሚከተለው ነበር።

በሲሚንቶ በተለሰነው ክፍል 18 ቋሚዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ ከመሬት እስከ ጉልበት፣ 45 ሳ.ሜ ያህል፣ በስብሰው በጣት ይፈረፈሩ ነበር። ሳይለሰን በቀረው 2 ሜትር ውስጥ ደግሞ 7 ቋሚዎች ሲኖሩ፣ የተበላሹት 2 ብቻ ናቸው፤ ያውም ከታች አንድ ስንዝር ያህል። የሁለቱም እንጨት አንድ ነው፣ የቆሙበት ዓመት አንድ ነው፣ ጣሪያውም መሬቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ልስኑ ነበር።

በእርግጥ አንድ ቤት ብቻውን ለሁሉም ቤት ማረጋገጫ አይሆንም። ሆኖም የሆነው ነገር ስለ ቁሳቁስ ጠባይ ክፍል ውስጥ ከተማርነው ጋር አንድ ስለሆነ ምክንያቱን ማየት ያስፈልጋል።

3. ለምን ሆነ?

ሀ/ ጭቃና ሲሚንቶ አብረው አይንቀሳቀሱም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ነው፤ ከጭቃው ጋር ማበጥም መኮማተርም አይችልም። በመሆኑም በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ልስኑም ይሰነጠቃል። ሽቦው ልስኑን አንድ ላይ ይይዘዋል እንጂ ከጭቃው ጋር አያዋህደውም። ግድግዳውን በጣት ሲያንኳኩት "ቦ" የሚል ድምፅ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ለ/ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ጥቂት ሊሆን ይችላል። የጭቃ ግድግዳ ቢሆን ፀሐይ ሲወጣ በመላ ፊቱ ተንኖ ይወጣል። ግንበኞች "ጭቃ ይተነፍሳል" የሚሉት ይህንን ነው። የሲሚንቶ ልስንና በላዩ የተቀባው ቀለም ግን ትነቱን በእጅጉ ያዘገዩታል። እንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ሊሠራ አይችልም። ደረቅ ጭቃ ከእንጨቱ እርጥበት እየመጠጠ እንጨቱን ያደርቀዋል፤ ያባቶቻችን ቤት አርባና ሃምሳ ዓመት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ግን እንጨቱን ላስቲክ ካፖርት አልብሰን ላብ ውስጥ አስቀመጥነው።

ሐ/ ውሃው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በሲሚንቶው ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። የቤታችን ክፈፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣው 25 ሳ.ሜ ብቻ ነበር፤ አሸንዳም አልነበረውም። ጣሪያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያፈስ ሲሆን ወደ ፊት የሚያፈሰው ግማሹ በአግድም ሲለካ 8 ሜትር በ3 ሜትር፣ ማለትም 24 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚ.ሜ ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 20 ሚ.ሜ የሚዘንብበት አንድ የክረምት ቀን 480 ሊትር ውሃ በቤቱ ፊት ያወርዳል። ይህ 24 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። በግድግዳው እግር ሥር በየሜትሩ ሦስት ሦስት ጀሪካን ስንደፋ መዋል ማለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚ.ሜ በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል።

በተጨማሪም የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሏል፤ ግቢያችን ዝቅ ብሎ ቀረ። የመንገዱ ውሃ ወደ እኛ ይመጣል፣ የጣሪያውም ይጨመርበታል። በዚህ ሁሉ ላይ ነው እኔ መውጫውን በሲሚንቶ የዘጋሁት።

4. ስህተቱ የእኛ ብቻ አይደለም

ይህ ዓይነት ስህተት ታላላቅ ቅርሶች ላይም ደርሷል። በጎንደር የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት የተገነቡት በድንጋይና በኖራ ነው። ቀደም ሲል በተደረገ ጥገና ሲሚንቶና አርማታ ገብቶባቸው ነበር። እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ይህንን ለማረምና ወደ ኖራው ለመመለስ ሥራ ተሠርቷል። ግቢው እ.ኤ.አ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎንደር የድንጋይ ሥራ እንጂ ጭቃ አይደለም፤ ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነው። ለአሮጌ ግድግዳ የሚጨመረው ነገር ከግድግዳው ጠባይ ጋር መስማማት አለበት።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ከወደ አሜሪካ ነው። በኒው ሜክሲኮ ግዛት ራንቾስ ደ ታኦስ በምትባል መንደር ባልተቃጠለ የጭቃ ጡብ የተሠራ የሳን ፍራንሲስኮ ደ አሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። መንደርተኛው በየጊዜው ጭቃ መምረግ ሰልችቶት እ.ኤ.አ በ1967 በጠንካራ የሲሚንቶ ልስን አስለበጠው። ልስኑ ተሰነጠቀ፣ ውሃ ገባ፣ ውስጡ ያለው ጭቃ መበላሸት ጀመረ። በ1979 ልስኑን አንስተው ወደ ጭቃው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ምዕመናኑ በየዓመቱ ተሰብስበው ይመርጉታል። ይህን ሳነብ እናቴ ከመስቀል በፊት ጭቃ ስትረግጥ ታየችኝ።

5. ሁለተኛው እድሳት በቅደም ተከተል

ከጥቅምት 2017 ዓ.ም ጀምሮ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሥራውን እንደገና ያዝን። በቅድሚያ ምን ምን ማድረግ እንደሚፈቀድ ወረዳውን ጠየቅን። ከዚያም እኚያኑ ግንበኛ ይቅርታ ጠይቄ መለስኳቸው። "ምን ይደረግ፣ ወጣትነት ነው" ብለው ሳቁ። የሠራንበት ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጣሪያው። ክፈፉን በሞራሌና በቆርቆሮ አስረዝመን ከግድግዳው 60 ሳ.ሜ እንዲወጣ አደረግን። አሸንዳ አሰርንለት፤ ውሃው በቱቦ ወርዶ ወደ በርሜል፣ ከበርሜሉ ሲተርፍ ወደ ቦይ እንዲሄድ ሆነ። የረዘመው ክፈፍ በራሱ የቤቱን ፊት ለወጠው፤ ጥላ ስላለው ግድግዳው ገና ሳይቀባ ቤቱ ረጋ ያለ መልክ ያዘ።

ሁለተኛ፣ መሬቱ። ባለፉት ዓመታት ግድግዳው ሥር የተከማቸውን አፈር ቆፍረን አነሳን። ከግድግዳው ጀምሮ በየ1 ሜትሩ 5 ሳ.ሜ ዝቅ እንዲል አስተካክለን ድንጋይ አነጠፍን። የመንገዱን ውሃ የሚያግድ ትንሽ ቦይ በአጥሩ ሥር አወጣን።

ሦስተኛ፣ እግሩ። ይህ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጣሪያውን በአጠና ደግፈን፣ በአንድ ጊዜ ከ1 ሜትር በላይ ሳንነካ፣ የበሰበሰውን የቋሚ እግር ቆርጠን በቦታው 50 ሳ.ሜ ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ገነባን። እዚህ ላይ ሲሚንቶ ተጠቅመናል፤ ቦታው ነውና። በግንቡ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፈን፣ ከላዩ አግዳሚ እንጨት አጋድመን፣ ቋሚዎቹን በእሱ ላይ አሳረፍን። አሁን እንጨቱ አፈር አይነካም፤ ከመሬት የሚፈናጠረው የዝናብ ውሃም የሚያገኘው ድንጋዩን ነው። ይህን ሥራ ማንም ሰው ያለ ባለሙያ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ፤ ድጋፉ ከተንሸራተተ ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል።

አራተኛ፣ ምርጊቱ። ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ከሦስት ሳምንት በላይ አቡክተን፣ የመጀመሪያውን ምርጊት መረግን። ሲደርቅ መሰንጠቁ የታወቀ ነው፤ ስንጥቁ ሁለተኛውን ይይዘዋል። ሁለተኛው በወንፊት በተነፋ አፈርና በደቃቅ ጭድ የተሠራ ስስ ምርጊት ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ እኛ አምስት ሳምንት ጠበቅን። እናቴ በየቀኑ "አልደረቀም ወይ?" ትል ነበር።

አምስተኛ፣ ኖራና ቀለም። አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ በተነፋ አሸዋ አድርገን ስስ ልስን ለሰንበት፤ ለጥቂት ቀናት በጆንያ ሸፍነን እርጥበቱን ጠበቅንለት። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ስለሆነ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይረግፋል። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ኖራ አራት ጊዜ ተቀባ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች የተነፋ ቀይ አፈር ጥቂት ጨመርንበት፤ ፈዘዝ ያለ የሸክላ መልክ ሰጠ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። በተጨማሪም ግድግዳው ሁሉ ከመቀባቱ በፊት 1 ሜትር በ1 ሜትር ላይ ሞክሮ ማየት ጥሩ ነው፤ አፈር እንደየቦታው ይለያያል።

ስድስተኛ፣ በርና መስኮት። የድሮዎቹ የእንጨት መስኮቶች ጤነኞች ስለነበሩ አልጣልናቸውም። ተፍቀው፣ ማጠፊያቸው ተቀይሮ፣ ጥቁር አረንጓዴ ተቀቡ። የመንገዱ አጥር ደግሞ ከሰፈሩ ጋር እንዲስማማ ግራጫ ተቀባ። አላፊ አግዳሚው አስቀድሞ የሚያየው አጥሩን፣ በሩንና ክፈፉን ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ የቤት ፊት ግማሹ ተስተካከለ ማለት ይቻላል።

6. ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎች

"በሲሚንቶ ተለስኖ ሃያ ዓመት የቆመ የጭቃ ቤት አውቃለሁ" የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ እኔም አውቃለሁ። ሰፋ ያለ ክፈፍ ያለው፣ እግሩ በድንጋይ ከፍ ያለ፣ ዙሪያው ውሃ የማይተኛበት ቤት ሲሚንቶውን ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል። ችግሩ ሲሚንቶ የሚለሰነው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ሲታመም መሆኑ ነው። ግድግዳው እየረገፈ ስለሆነ "በሲሚንቶ እንሸፍነው" ይባላል፤ በሽታው ግን ከልስኑ በስተጀርባ ይቀጥላል።

"ኖራና ጭቃ በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል፣ ማን ጊዜ አለው?" የሚልም አለ። ይህም ትክክል ነው። ኖራ በየአንድና ሁለት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ነገር ግን ሥራው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ስንጥቁም ፊት ለፊት ስለሚታይ ሳይብስ ይደፈናል። በሲሚንቶው ጊዜ ግን ለሦስት ክረምት የሚበሰብሰውን ነገር አላየንም።

"ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃስ?" ለሚለው መልሴ አንድ ነው። አሸንዳውና ቦዩ ይቅደሙ። በሁለተኛው ዓመት እግሩ፣ በሦስተኛው ምርጊቱ ሊሠራ ይችላል። ቀለም የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያውን ዕቁብ ያጠፋነው ከመጨረሻው ስለጀመርን ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለፀው የጭቃ ቤት ፊት የሚያረጀው ውሃ ከላይና ከታች ሲያገኘውና መድረቂያ ሲያጣ ነው። ስለዚህ እድሳቱ ከጣሪያ ጀምሮ፣ ወደ መሬቱ ወርዶ፣ እግሩን አድርቆ፣ በመጨረሻ ወደ ፊቱ መምጣት አለበት። ፊቱም የሚለብሰው ከሥሩ ካለው ጭቃ ጋር አብሮ የሚተነፍስ ልብስ መሆን ይኖርበታል። "ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ" ለጊዜው ያስመሰግናል፤ ሂሳቡ ግን በኋላ ይመጣል፤ የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ መካሪው ሳይሆን ባለቤቱ ነው።

የ2017 ዓ.ም ክረምት ካለፈ በኋላ ልስኑን አንኳኳሁት፣ የውስጡን ግድግዳ በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነበር። በመስኮቱ ጥግ ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ብቻ ወጥተው ነበር። እናቴ እኔን ሳትጠይቅ በኖራ ደፍናቸው አገኘኋት። "ይሄን እንኳ እኔም አውቀዋለሁ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከእኔ በፊት አርባ ዓመት ታውቀው ነበር። በመጪው ክረምት ለቤተሰብ ምክር የምትጠየቁ ጓደኞቼ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ቤቱን ጠብቆ ያኖረውን ሰው "እስከ ዛሬ በምን ቆመ?" ብላችሁ ጠይቁ።